ድምፅ አውጥቶ ማሰብ

የመጀመሪያውን ኢንተርቪው የወደቅኩት ባለማወቅ አይደለም፤ ዝም በማለት ነው።

ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ፣ ዋይትሆል ባለችው አፓርትመንቴ፣ የምበላባት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ከላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ከታች የቤት ሱሪ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንድ ጢማም ወጣትና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት። የሚፈልጉት ሶፍትዌር የሚፈትሽ ሰው ነው፤ ማለትም አንድ ፕሮግራም ሕዝብ እጅ ከመግባቱ በፊት የቱ ጋ እንደሚበላሽ ቀድሞ የሚያገኝ ሰው። ሴትዮዋ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ የሚገባበትን ገጽ አሳየችኝና፣ "ይህን እንዴት ነው የምትፈትሺው? እያሰብሽ ንገሪን" አለችኝ።

ጥያቄውን ወደድኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ሳጠና ነው የከረምኩት። አቀርቅሬ ማሰብ ጀመርኩ። ሰውየው ምንም ሳይጽፍ የመግቢያውን ቁልፍ ቢጫነውስ? የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ቢሳሳትስ? ስሙ እንደኛ ሀገር ሰው ስም ረዝሞ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ቢልስ? አንዱን ከሌላው እያስቀደምኩ፣ መልክ እያስያዝኩ በልቤ ደረደርኩት። ቀና ስል ጢማሙ ወደ ጎን ያያል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ወደ ካሜራው ተጠግታ፣ "ሄሎ? አለሽ? ትሰሚናለሽ?" ትላለች። ኢንተርኔቱ የተቋረጠ መስሏቸው ኖሯል።

"አለሁ፣ እያሰብኩ ነው" አልኩ።

"እኮ፣ እያሰብሽ ንገሪን" አለች ፈገግ ብላ።

እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። ያልጨረስኩትን ነገር እንዴት አድርጌ እናገራለሁ? መልሼ አቀረቀርኩ። በኋላ፣ ያሰናዳሁትን ልዘረግፍ ቀና ብዬ አፌን ስከፍት ሰዓቱ አልቋል። አመስግነው ተሰናበቱኝ። ስክሪኑ ሲጠፋ ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴን ፊት አየሁት፤ አሁንም ሊናገር የተዘጋጀ ፊት ነው።

ከእነሱ ጋር ያገናኘችኝ ሪክሩተር ከጥቂት ቀን በኋላ ኮል አደረገችልኝ። ደግ ሴት ናት፤ ሌሎቹ በሁለት መስመር ኢሜይል ነው የሚሸኙት።

"ወደውሻል፤ ግን አስተሳሰቧን ማየት አልቻልንም አሉ" አለችኝ።

"አስተሳሰብ ደግሞ እንዴት ነው የሚታየው?"

ሳቀች። "እየተናገርሽ ነዋ! የሚፈልጉት መልሱን ብቻ አይደለም፤ እንዴት እዚያ እንደደረስሽ ነው። ስትሳሳቺም፣ ከስህተትሽ ስትመለሺም ይስሙሽ።"

ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ባደግኩበት ቤት አባቴ አንድ ነገር ጠይቆኝ ቶሎ ከመለስኩ፣ "ሳታስቢ ነው የመለስሽው፤ ሂጂና አስበሽ ነይ" ይለኝ ነበር። አንዲት ጎረቤት ነበረችን፤ በልቧ ያለፈውን ሁሉ ስትናገር ነው የምትውለው። "አሁን ወፍጮ ቤት ልሂድ፣ አይ ቆይ፣ ደግሞ በሩን ሳልዘጋ፣ ቁልፉንስ የት ጣልኩት?" ትላለች፣ መንገድ ለመንገድ። እናቴ እሷን በዓይኗ እያሳየች፣ "እንደሷ ሆነሽ እንዳላይሽ" ትለኛለች። አልሆንኩም። እነሆ ኦሃዮ ድረስ መጥቼ፣ ሥራ ለማግኘት የግድ እንደሷ መሆን አስፈለገኝ።

ሥራውን ለምን እንደዚያ እንደፈለግኩት ልናገር። ያኔ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሣጥን አነሳለሁ፣ አዞራለሁ፣ እደረድራለሁ። የቀኝ እጄ አንጓ ማበጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ፣ ማንሳቱን ካልተውኩ ይህ እጅ ነገ ማንኪያም እንደማይዝልኝ ነገረኝ። ማንሳቱን ብተው ደግሞ ምን ልሠራ? ያውም የፈረንጆቹ ገና ግዢ የሚበዛበት ወቅት እየመጣ ነበር፤ ያኔ ሣጥኑ እንደ ጎርፍ ነው። ባለፈው ዓመት በዚያ ወቅት ጸጉሬን ማበጠር አቅቶኝ ሻሽ አስሬ ነው የከረምኩት። ስለዚህ ጥድፊያው ሳይጀመር ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ሥራ ማግኘት ነበረብኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ነገር የለም። ከላይብረሪው ኮምፒውተር ጀምሬ፣ በነጻ የሚገኘውን ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ ራሴን ራሴ አስተማርኩ።

መኪናዬ ተበላሽታ በቆመችበት አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው በኩል አውቶቡስ ስቀይር፣ አንድ ካፌ መስኮት አጠገብ ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን ከፍተው ከበው ተቀምጠው አየሁ። አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዱ ይመልሳል፣ ሌሎቹ ይስቁበታል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ለኢንተርቪው ነው የሚለማመዱት፤ የሚሉት ባይሰማኝም ከሁኔታቸው ገባኝ። አውቶቡሴ መጥቶ አለፈኝ፣ እነሱን ሳይ። ያስቀናኝ ዕውቀታቸው አልነበረም። ሲሳሳቱ የሚስቅባቸው ሰው ማግኘታቸው ነው።

ለእኔም ሰው ጠፍቶ አይደለም። አልተናገርኩማ! መቼም እኛ የጀመርነውን ነገር ሳይሆን ያለቀውን ነው የምናወራው። ቪዛ የመጣለት ሰው አውሮፕላን ልሳፈር ነው ብሎ ከኤርፖርት ይደውላል። ያረገዘች ሴት ሆዷ ራሱ እስኪናገር ትጠብቃለች። እኔም ዲቪ ሲደርሰኝ ለገዛ እህቴ የነገርኳት ሻንጣ ስገዛ ነው። ተናግሮ ሳይሳካ ቢቀር፣ "ያ ነገር የት ደረሰ?" የሚለውን ጥያቄ ማን ይችለዋል? ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ የሚል ፍርሃትም አለበት። ስለዚህ ዝም።

ዌርሃውሱ ውስጥ አጠገቤ የምትሠራ የሀገሬ ልጅ ነበረች፣ በዕድሜ ትንሽ የምታንሰኝ። ኮሎምበስ ውስጥ ከማንም በላይ የምቀርበው እሷን ነው። ከአንድ ሳህን እንበላለን፤ ከባዱን ሣጥን አይታ እኔ ሳልደርስ ታነሳልኛለች። ለእሷም አልነገርኳትም። ምሳችንን በጥድፊያ እንበላና ወደ መኪናዋ ትሄዳለች። ከዕረፍት ክፍሉ መስኮት ሳያት ወንበሯን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጋ፣ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች።

"ከማን ጋር ነው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ከእጮኛዬ ጋር ነዋ።"

"ይሄ ሰውዬ አፍ የለውም? አንቺው ብቻ ነሽ የምታወሪው።"

"ጆሮውን አይቼ ነው የመረጥኩት" አለችና ሳቀች። "አንቺስ? ዓይንሽ ቀልቷል። ሰው ይዘሽ ነው የምታመሺው፣ አይደል?"

"ይዤያለሁ" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ በዚያው ወደ ሥራችን ተመለስን።

ልምምዱን ብቻዬን ጀመርኩ። ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ማሰብ መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደሚያሳፍር! መስኮቱን ዘጋሁ፤ መጋረጃውን ሳብኩ። አንድ ጥያቄ ለራሴ አነበብኩና፣ "እንግዲህ በመጀመሪያ የማየው…" ብዬ ቆምኩ። ድምፄ ሻካራ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ፤ የዕረፍት ቀኔ ነው፣ ቀኑም እየመሸ ነው፣ ከነቃሁ ጀምሮ ግን ቃል አልወጣኝም። የከረመ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ዝገት እንደሚተፋው ነው የሆነብኝ። ባለፈው የዕረፍት ቀኔስ? ከዚያ በፊት በነበረውስ? ማሰቡን ተውኩና ጥያቄው ላይ ተመለስኩ።

እየዋለ እያደረ ለመድኩት። ተረት ማውራት እወዳለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ተረት አደረግኩት። ገጹን የምትጠቀም አንዲት ችኩል ሴት ፈጠርኩ፤ ሕፃን ታቅፋለች፣ በአንድ አውራ ጣት ነው የምትጽፈው፣ ጠብቂ ቢሏት አትጠብቅም፣ የተከለከለውን ሁሉ ትጫናለች። እሷን እየተከተልኩ አወራለሁ። "እዚህ ጋ ትሳሳታለች። ኖ፣ ዌት፣ ከዚህ በፊት ነው የተሳሳተችው" እያልኩ ክፍሉ ውስጥ እንጎራደዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ከእኔ ሥር የሚኖሩት እትዬ ናቸው፤ ልጃቸውን ተከትለው መጥተው፣ ልጃቸው ሲያገባ ብቻቸውን የቀሩ አዛውንት። ነጠላቸውን አጣፍተው በእጃቸው የላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል።

"ደህና ነሽ ልጄ?"

"ደህና ነኝ እትዬ፣ ይግቡ።"

"ማን አለ ውስጥ?"

"ማንም የለም።"

"እሱን ነው የፈራሁት" አሉና ገቡ። መኝታ ቤቱን አዩ። ወጥ ቤቱን አዩ። ከዚያ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰንብቻለሁ ስሰማሽ። ትናገሪያለሽ፣ ትናገሪያለሽ፣ የሚመልስልሽ የለም።"

"ስልክ እያወራሁ ነው እትዬ።"

"ስልኩ ዲዳ ነው? ደግሞ ራስሽ ጠይቀሽ ራስሽ ትመልሻለሽ። ስትቆጪም ሰምቻለሁ፣ ኖ፣ ኖ ስትይ። እንግሊዝኛ ባላውቅ ኖን አላውቅም? ማንን ነው ኖ የምትይው?"

ላፕቶፔን ከደንኩት።

"አትፈሪ" አሉ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው። "ሰው ብቻውን ሲሆን ይሄ ነገር ይመጣል። ለቤተክርስቲያን እህቶች ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገ ከቅዳሴ መልስ መጥተው ይጸልዩልሻል። እስከዚያው ይሄን ጠበል ጠጪ።"

ምስጢሬን ከማውጣትና አበደች ከመባል አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት አመነታሁ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ እጄን አሳየኋቸው፤ ሌላ ኢንተርቪው እንዳገኘሁ፣ መሐል ከተማው፣ ዳውንታውን እንደሆነና እሱም ከጥድፊያው በፊት የቀረኝ የመጨረሻው እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ታዲያ ለሥራ ነው የምትለፈልፊው?"

"ለሥራ ነው።"

"ብቻውን የሚያወራ ሰው ይቀጥራሉ?"

"የማስበውን መስማት ነው የሚፈልጉት እትዬ።"

"ያንቺን ሐሳብ ምን ሊያደርጉበት?" ጥቂት አሰቡ። "እና ለሴቶቹ ምን ልበላቸው?"

"ጉንፋን ነው ይበሏቸው።"

"በጉንፋን ይለፈለፋል? ትኩሳት እላቸዋለሁ። ጠበሉን ግን ጠጪው፤ ለሥራም ይሆናል።"

ጠጣሁት።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን ወደ ማታው ገደማ ይመጡና ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ይቀመጡ ነበር። "ግድግዳ አይሰማሽም፤ እኔን እያየሽ አውሪ" ይሉኛል። የምናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ቃል አይገባቸውም። ልክ ዝም ስል ግን፣ "ከዚያስ?" ይላሉ። ሳስብ፣ "ከዚያስ?" ሐሳቡ ሲጠፋኝ፣ "ከዚያስ?" አንዳንዴ በመሐል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ዝም ስል ይነቃሉ። እሳቸው ሲወርዱ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጭር ይልብኛል። ደግሞም ያን ያህል ሳወራ አንዲት ቃሌ እንኳ ለሰው እንዳልገባች ትዝ ይለኝና ላፕቶፔን ዘግቼ እተኛለሁ።

ዳውንታውን የሄድኩ ዕለት ከመኪና ማቆሚያ ጋራዡ ማሽን ጋር ታገልኩ። ካርዴን አስገባሁ፣ መልሶ ተፋው፤ አስገባሁ፣ ተፋው፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ ማድረግ ጀመረ። ላብ በላብ ሆኜ ደረስኩ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ስለ ራሴ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ከዚያ አንደኛው፣ "ዛሬ የተጠቀምሽበትን አንድ ነገር ምረጪና እንዴት እንደምትፈትሺው አሳዪን" አለ።

አንገቴ እንደ ልማዱ ሊያቀረቅር ዘንበል ሲል ተሰማኝ። ቀና አደረግኩት። "ምን እንደምመርጥ ገና አላወቅኩም" አልኩ ጮክ ብዬ። ይህን ብሎ መናገር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ እነሱ አያውቁም። "ስለ ሊፍቱ እያሰብኩ ነው። አይ፣ ሊፍቱ ምንም አላደረገኝም። የጋራዡ ማሽን ግን በድሎኛል፤ እሱን ልያዘው።" ሳቁ። ከዚያ አወራሁ። ካርዱ ቢገለበጥ፣ ዝናብ ቢሆንና የሰውየው እጅ ቢረጥብ፣ ከኋላ የሚቸኩል ሰው ክላክስ ሲያደርግ ከፊት ያለው እጁ ቢንቀጠቀጥ። መሐል ላይ ተሳሳትኩ፤ "ይህ ልክ አይደለም፣ ልመለስ" አልኩና ተመለስኩ። አንደኛዋ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትጽፍ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ ገና አልጨረስኩም ነበር። ግድ አልሰጠኝም።

አለፍኩ። ስልኩ የተደወለልኝ ከሥራ ስወጣ ነው፤ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ በግራ እጄ አፌን ይዤ አለቀስኩ። ሥራው ከቤት ነው፤ ላፕቶፕ ይልኩልኛል። ለእትዬ ስነግራቸው እልል አሉ፣ ያውም ኮሪደሩ ላይ። ከዚያ ግን፣ "ከቤት? ታዲያ ከማን ጋር ልትውዪ ነው?" አሉኝ። ያኔ ደስታው ይዞኝ አልመለስኩላቸውም።

ሳልነግራት የቀረችኝ የዌርሃውስ ባልደረባዬ ናት። አሁን ነገሩ አልቋል፤ ይነገራል። በመጨረሻው ሳምንቴ፣ በምሳ ሰዓት፣ ተከትያት ወደ መኪናዋ ሄድኩ። እያወራች ነበር። መስታወቱን ሳንኳኳ ደንግጣ ዝም አለች። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስልኳ በመሐላችን ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ ማንም መስመሩ ላይ የለም። ልብ አላልኩትም፤ ወሬዬን ለመናገር ቸኩያለሁ።

"ሥራ ልለቅ ነው" አልኳት። "ሶፍትዌር የሚፈትሹበት ቦታ ተቀጠርኩ። ወራት ሙሉ ሳጠና ነው የከረምኩት።"

እንኳን ደስ ያለሽ አላለችኝም። መሪውን ይዛ ወደ ፊት ታያለች።

"ቴስቲንግ?"

"አዎ።"

"እንዴት አለፍሻቸው? ያንን፣ እያሰብሽ ንገሪን የሚሉትን እንዴት አለፍሽው?"

ዞሬ አየኋት። እኔ ስለሱ ምንም አልነገርኳትም።

"እጮኛ የለኝም" አለች። "እዚህ ቁጭ ብዬ የምለፈልፈው ያንኑ የኢንተርቪው መልስ ነው። ቤት ከሰው ጋር ነው የምኖረው፤ እንዳይሰሙኝ መኪና ውስጥ እለማመዳለሁ። ደጋግሜ ወደቅኩ። ዝም ትያለሽ ነው የሚሉኝ።"

ዌርሃውሱ በር ላይ አንድ ትልቅ መኪና ወደ ኋላ እየተጠጋ ይጮህ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ።

"አንቺስ?"

"እኔ ወድቄ ነዋ። የወደቀ ሰው ምኑን ያወራል?"

"እኔም ወድቄ ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ነበር መንገር።" ድምፏ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "አጠገብ ለአጠገብ ቆመን እንውላለን። ሣጥን እያነሳን ብንጠያየቅ ማን ይሰማናል?"

"ቅዳሜ ቤቴ ነይ" አልኳት። "እኔ እጠይቅሻለሁ፤ የማውቀውን ሁሉ አሳይሻለሁ።"

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። "አሁን አንቺ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ልሆን። እኩል ሆነን ቢሆን ደስ ባለኝ።" ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ፤ ቀኙን፣ የሚያመኝን፣ ግን ሳትጫነው። "እጅሽ በማረፉ ግን ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው። በይ፣ ሰዓቱ ደርሷል።"

እስከ መጨረሻዋ ቀኔ ከባዱን ሣጥን ማንሳቷን አልተወችም። ማውራታችን ግን ቀነሰ።

አሁን እጄ ድኗል፤ ጸጉሬንም ራሴ እሠራለሁ። ጠዋት በካሜራ ለጥቂት ደቂቃ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይጠፋል፤ እስኪመሽ የሚያናግረኝ የለም። እትዬ ልጃቸው የልጅ ልጅ ሊያስጠብቃቸው ወደ ራሱ ቤት ወስዷቸዋል። እየሠራሁ ድምፄን አውጥቼ አስባለሁ፤ ሥራዬን ያቀልልኛል፤ ከታች የመጣው ተከራይ ምን እንደሚለኝ እንጃ።

ለዚያች የዌርሃውስ ባልደረባዬ ደውዬላት ነበር፣ ብዙ ጊዜ። መጀመሪያ አካባቢ ታነሳና ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ ስለዚያ ነገር ግን ሁለታችንም አናነሳም። በኋላ ማንሳቱን ተወች። በቀደም ዋይትሆል ገበያ ላይ ከዌርሃውሱ አንዷን አገኘኋትና ስለ እሷ ጠየቅኳት።

"እሷማ ወጣች" አለችኝ። "ወር አልፏታል።"

"የት ሄደች?"

"ማን ያውቃል? ለማንም አልተናገረችም። ዝም ብላ አንድ ቀን ቀረች።"

የያዝኩትን ዘንቢል መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ለማንም ሳትናገር ከወጣች፣ አንድ ያለቀ ነገር አግኝታ ይሆናል። ወይም ሰልችቷት ትታው ይሆናል፤ እሱም በዝምታ ነው የሚሆነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ጻፍኩላት፦ "አልፈሽ ከሆነ እንኳን ደስ ያለሽ። ካላለፍሽም ደውይልኝ፤ የማስተምርሽ ነገር ኖሮኝ አይደለም። ድምፅሽን መስማት ስለፈለግኩ ነው።"

መልእክቱ እንደደረሳት ያሳያል። እስካሁን አልመለሰችም።